ጥቆማ፦ የረጅም ርቀት የመንገደኛ ባቡር ለመሥራት የትኛው ጌም ይሻላል?

ጥያቄ፦ በእውን የሌለ፣ 10 ፉርጎ ያለው የሌሊት ባቡር ቀርጬ መንዳት እፈልጋለሁ። ኦፕን ሬይልስ፣ ትራንስፖርት ፊቨር 2 ወይስ ኦፕንቲቲዲ?

መልስ 1፦ መንዳት ከሆነ ሐሳብህ ኦፕን ሬይልስን ያዝ። ነፃ ነው፤ የሎኮሞቲቩና የፉርጎው ባሕርይ የሚጻፈው በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ክብደቱን ቀይረህ ወዲያው ትሞክረዋለህ። ቅርጹን ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ሥራ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1,435 ሚሊሜትር ላለው መስመር የተለመደው የአውሮፓ ፉርጎ ልክ ይኸው፦ ርዝመት 26.4 ሜትር፣ ወርድ 2.825 ሜትር፣ ከቦጊ (ጎማዎቹን ከሥር የያዘው ክፈፍ) መሐል እስከ ቦጊ መሐል 19 ሜትር። ወርዱን ለምቾት ብለህ አታስፋው። ራዲየሱ 150 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ የፉርጎው ወገብ ወደ ውስጥ 30 ሳንቲሜትር ያህል፣ ጫፎቹ ደግሞ ወደ ውጭ 28 ሳንቲሜትር ያህል ይወጣሉ፤ ሰፊ ፉርጎ ፕላትፎርሙን ሰንጥቆ ሲያልፍ ታየዋለህ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ኃይሉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ 50 ቶን ቢሆን 500፣ ባለ 120 ቶን የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲጨመር 620 ቶን። በ1,000 ሜትር 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ የስበት ኃይል ብቻውን 61 ኪሎኒውተን ወደ ኋላ ይጎትታል። ሎኮሞቲቩ 2,400 ኪሎዋት ቢኖረው፣ ከዚያ ለመብራት፣ ለማሞቂያና ለወጥ ቤት 400 ቀንስ፤ ብክነቱ ሲወጣ ጎማው ጋ የሚደርሰው 1,700 ገደማ ነው። በዚህ ባቡሩ ዳገቱን የሚወጣው በሰዓት 80 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። 160 እያሰብክ ከሆነ 6,000 ኪሎዋት አካባቢ ወዳለው የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ዙር። የመጎተቻ ኃይሉን ብቻ ማሳደግ አያዋጣም፦ ከሎኮሞቲቩ ክብደት ሲሶ ካለፈ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ትራንስፖርት ፊቨር 2 ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። የሚገዛ ነው፤ በእይታ የሚወዳደረው የለም፣ መስመር ዘርግተህ ባቡርህ ገቢ ሲያስገባም ታያለህ። ሥራው ግን ይበዛል፦ ለቅርብና ለሩቅ እይታ የአንዱን ፉርጎ ሞዴል እያቀለልክ ደጋግመህ ታዘጋጃለህ። ይህን ከዘለልክ ረጅም ባቡር ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል።

መልስ 3፦ ሞዴል መሥራት ለማይወድ ኦፕንቲቲዲ። ባቡሩ በ8 አቅጣጫ የተሳለ ሥዕል ነው፤ ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት ለሆነ ፉርጎ 4 ይበቃል። ነፃ ነው፤ ከውስጥ ሆኖ መንዳት ግን የለም።

ጥያቄ፦ ኦፕን ሬይልስን መረጥኩ። የፉርጎዎቹ ቅደም ተከተልስ?

መልስ 1፦ ሎኮሞቲቭ፣ 1 የሻንጣ፣ 4 መኝታ፣ 1 ምግብ ቤት፣ 4 መቀመጫ። ምግብ ቤቱን መካከል ያስገባሁት ባለ መቀመጫው ሊበላ ሲሄድ የተኛውን እንዳይረብሽ ነው። በመኝታው 36፣ በመቀመጫው 80 ሰው ብትይዝ በጠቅላላው 464 ይሆናል።

መልስ 2፦ ሁለት ነገር ልጨምር። ክብደት ስትጽፍ ከቁጥሩ ኋላ የቶን ምልክቱን አትርሳ፤ ባዶ 50 እንደ 50 ኪሎ ሊነበብ ይችላል፣ ባቡሩም እንደ ላባ ይፈናጠራል። ፉርጎው ሄዶ ጎማው ካልዞረ ደግሞ መጀመሪያ የጎማውን ክፍል ስም ተመልከት፤ ጌሙ ጎማን የሚለየው በስሙ ስለሆነ አንድ ፊደል ከተሳሳተ አያዞረውም። ስሙ ልክ ሆኖ ጎማው እየተወዛወዘ ከዞረ የመዞሪያ ነጥቡ የጎማው ዘንግ (አክስል) መሐል ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው።