ጥቆማ፦ ለ11ኛ ናቹራል ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስጠኚ ይሻላል፣ ቱቶሪያል ወይስ መጽሐፍ ገዝቶ መስጠት?

ማሂ ጀሞ
ሰላም ቤተሰብ። ልጄ 10ኛን ጨርሷል፣ ለመስከረም 11ኛ ናቹራል ይገባል። ካርዱ ቆንጆ ነው። ፊዚክስ 88፣ ኬሚስትሪ 91። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ባለፈው ታናሽ እህቱ ሻይ እያማሰለች "ስኳሩ የት ሄደ?" ብትለው "ሶሉሽን ሆነ" አላት። "ሶሉሽን ምንድነው?" ስትለው ደብተሩን ሊያመጣ ተነሳ። ትምህርት ቤቱ ላብ አለው፣ ግን ቁልፉ ሁሌ "ሰውየው ጋ ነው"። ማይክሮስኮፕ ያየው በመስኮት ነው።

አሁን ሦስት ነገር ቀርቦልኛል። ቤት ድረስ የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ በሰዓት 400 ብር። ሰፈራችን የተከፈተ የቅዳሜና እሁድ ቱቶሪያል አለ። ጎረቤቴ ደግሞ "ኤክስትሪም የሚባለውን አጋዥ መጽሐፍ ግዢለትና ስልኩን ቀሚው" ትላለች። የሞከራችሁ ንገሩኝ። ትምህርት ቤት ቀይሪ ግን አትበሉኝ፣ አቅሜን አውቀዋለሁ።

የአያት ልጅ
ትምህርት ቤት ቀይሪ።

ብሩኬ
አንብቦ መመለስ ድሮ ቀረ።

ሳሪስ አቦ
እህቴ፣ ቱቶሪያል ከማስገባትሽ በፊት እኔን ስሚኝ። የማዕከሉን ስም አልጠራም። "በክፍል ከ15 ልጅ አናስበልጥም" ብለው የሦስት ወር ቅድሚያ ተቀበሉኝ። አንድ ቅዳሜ ልጄን ላደርስ ስገባ ወንበር አልቆ የመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጡ ልጆች አየሁ። እሺ፣ ይሁን። አስተማሪውን ቀና ብዬ ሳይ የልጄ የራሱ የፊዚክስ መምህር! ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ "ይሄን ራሳችሁ አንብቡት" የሚለውን ቅዳሜ እዚህ አብጠርጥሮ ያስረዳል። ሚድ ሲደርስ ደግሞ የቅዳሜው ወርክሺት ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ መጣ። አንዳንዱ ጥያቄማ ቁጥሩም አልተቀየረም። ልጄ ሠላሳውን ደፈነ። ያልከፈሉት ጓደኞቹ 12 እና 14 አመጡ። በሁለተኛው ሴሚስተር መምህሩ ሲቀየር የእኔም ልጅ እነሱ ጋ ወረደ። ቀሪ ገንዘቤን መልሱ ብላቸው "ማናጀሩ የለም" ይሉኛል።

እናት ዓለም
ኧረ በስመ አብ! የት ነው እሱ? ስሙን ብትናገሪ ምን አለበት?

ሳሪስ አቦ
አልናገርም አልኩ እኮ። ገንዘቤ እዚያ ነው።

ብሩኬ
እንግዲህ የዘንድሮ ምዘና እንዲህ ተከፋፍሏል፦ ኩዊዝ 10፣ አሳይመንት 10፣ ሚድ 30፣ የቅዳሜ ክፍያ 50።

የሁለት ልጆች አባት
ለዚህ ነው ካርድ የማላምነው። የ12ኛ ፈተና በ2014 ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከፍ እያለ ነው፣ አልካድኩም። ግን ካርዱ ላይ 90 የሞላው ያ ሁሉ ልጅ የት ገባ?

መምህር ነኝ አትፍረዱ
የመምህሩን ደሞዝ ያየ ግን ማነው? የቤት ኪራይ ከደሞዙ በልጦ ቅዳሜ ባይሠራ ምን ይብላ?

ሳሪስ አቦ
ይሥራ! ማን አትሥራ አለው? የራሱን ተማሪ አይሸጥ ነው ያልኩት። ሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ሞልተዋል።

መምህር ነኝ አትፍረዱ
እሱስ ልክ ነሽ። የራስን ተማሪ በክፍያ ማስጠናት ነውር ነው። ግን ሁላችንንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡን።

የፒያሳው
ማሂ፣ አትድከሚ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ፊዚክስ ብትይ፣ ኬሚስትሪ ብትይ፣ የዱሮ ማትሪክ ወረቀት በየዓመቱ ተሰፍቶ። እኔም ወንድሜም ከሱ ገዝተን ነው ያለፍነው። ወንድሜ ዛሬ ኢንጂነር ነው። ሰላም በይልኝ፣ መጽሐፉን ራሱ ይመርጥልሻል።

ላብ ኮት
ወንድሜ፣ መቼ ነው ያለፋችሁት? ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፣ አዲሶቹ የ9 እስከ 12 መጻሕፍት ከ2015 ወዲህ ነው የገቡት። የዱሮው የ12ኛ ፊዚክስ በቴርሞዳይናሚክስ ይጀምር ነበር። አዲሱ ፊዚክስ በሌሎች ሙያዎች እንዴት እንደሚሠራበት በማሳየት ይጀምርና ባለሁለት አቅጣጫ እንቅስቃሴ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ መሠረታዊ ኤሌክትሮኒክስ እያለ ይሄዳል። በኬሚስትሪውም ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ራሱን ችሎ ምዕራፍ ሆኗል። የዱሮ መጽሐፍ ለልምምድ ጥሩ ነው፣ ግን ምዕራፍ እያጣቀሰ የሚመርጥለት ሰው ይፈልጋል።

የፒያሳው
ፊዚክስ ፊዚክስ ነው። ካሪኩለም ተቀየረ ብሎ ኒውተን ሕጉን አልቀየረም።

ብሩኬ
ኒውተን አልቀየረም። ፈተና አውጪው ግን ኒውተን አይደለም።

የፒያሳው
ሰውዬውን ስለማታውቁት ነው። አንዴ ብር ረስቼ ሄጄ "ነገ ታመጣለህ" ብሎ መጽሐፉን አስይዞ ሰደደኝ። አሁን እንዲህ ያለ ነጋዴ የት አለ?

የአያት ልጅ
የግል ትምህርት ቤቶች ለመስከረም ስንት ጨመሩባችሁ? የእኛ ደብዳቤ ልኳል፣ ልቤ ሊቆም ነበር።

እናት ዓለም
የእኛ "ከወላጅ ጋር ተወያይተን" ብለው ነው የጨመሩት። ማን እንደተወያየ እንጃ።

አስጠናለሁ 24 ሰዓት
ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮ፣ እንግሊዝኛ፣ አፕቲትዩድ፣ ከኬጂ እስከ ዩኒቨርሲቲ። ውጤት ዋስትና አለው። ኢንቦክስ።

ብሩኬ
ከኬጂ እስከ ዩኒቨርሲቲ? እርስዎ ሰው ነዎት ወይስ ሚኒስቴር?

ላብ ኮት
ማሂ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ላቡ ለምን እንደሚዘጋ ልንገርሽ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። የ12ኛው ፈተና ሁሉም ምርጫ ነው። ቢዩሬት (ባለቧንቧ መለኪያ ቱቦ) ይዞ ጠብታ በጠብታ ታይትሬሽን (የአሲድን መጠን በቤዝ መለካት) የሠራ ልጅና ቢዩሬት በሥዕል ብቻ ያየ ልጅ አንድ ፊደል ነው የሚያጠቁሩት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ልጆቹን በቡድን ከፋፍዬ፣ ዕቃ አድዬ፣ አሠርቼ፣ አሳጥቤ ስጨርስ ምዕራፉ ወደኋላ ይቀራል። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ "ፖርሽን የት ደረሰ?" እንጂ "ምን አሠራህ?" አይለኝም። ስለዚህ ልጅሽ ሶሉሽን ምን እንደሆነ አለማወቁ አይግረምሽ። 91ዱን ያመጣው የተጠየቀውን መልሶ ነው። የተጠየቀው ትርጉም ነበር።

የቱን ልምረጥ ላልሽው፣ ከሦስቱ የሚበልጠው አስጠኚው ማን እንደሆነ ነው። አንድ ቀን ሞክሪው፣ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ልጁ ሲሳሳት ምን ያደርጋል? እስክሪብቶውን ቀምቶ ራሱ ከሠራለት ይቅርብሽ። "እዚህ እንዴት ደረስክ?" ብሎ ከጠየቀው ያዢው። ሌላ ምልክት፣ ዩኒት ይጠይቃል ወይ? ልጁ "መልሱ 20" ሲል "20 ምን?" የማይል የፊዚክስ አስጠኚ 400 ብር ቀርቶ 40 አይገባውም።

የቀድሞ ተፈታኝ
ቲቸር እውነት ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ አስጠናለሁም። ወላጆች ቤት ስገባ መጀመሪያ የሚሉኝ "ስንት ያመጣልናል?" ነው። ልጁን ሙከራ ሳሠራው "ጨዋታ ነው እንዴ የምንከፍልህ?" ያሉኝ አባት አሉ። በማግስቱ የጥያቄ ወረቀት ይዤ ሄድኩ፣ ደስ አላቸው።

ማሂ ጀሞ
ላብ ኮት እግዜር ይስጥልኝ። እቤት ሊሠራ የሚችል ነገር አለ? ብዙ ወጪ የሌለው።

ላብ ኮት
ሞልቷል። ለፊዚክስ አንድ ሜትር ክርና አንድ ቁልፍ ይበቃል። ቁልፉን ክሩ ጫፍ እሰሪና ይሰቀል። ትንሽ ገፋ አድርጎ ይልቀቀው፣ ሄዶ ሲመለስ አንድ ብሎ አሥር ይቁጠር፣ በስልኩ ሰዓት ይያዝ። 20 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። አሁን ክሩን ግማሽ አድርጊና ከመሥራቱ በፊት "ስንት ይሆናል?" በይው። "10" ይልሻል። 14 ይመጣል። 10 የሚሆነው 25 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ቀመሩን ከፍቶ ራሱ ያግኘው፣ አትንገሩት።

ለኬሚስትሪ ቀይ ጥቅል ጎመን ከሱፐርማርኬት ግዢ። ከትፈሽ ቀቅይና ውሃውን አጥልይ፣ ወይን ጠጅ መልክ ይኖረዋል። ሎሚ ጠብ ሲልበት ይቀላል። ቤኪንግ ሶዳ ሲገባበት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የልብስ ሳሙና ውሃ፣ ኮምጣጤ፣ አምቦ ውሃ፣ ሁሉንም ይሞክርና በተራ ይደርድር። አሲድና ቤዝን ከዚያ በኋላ መሸምደድ አያስፈልገውም። በረኪና ግን ከሎሚም ከኮምጣጤም ጋር እንዳይቀላቅል ተጠንቀቂ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ኢንተርኔት ካላችሁ ፌት የሚባል ነፃ የሲሙሌሽን ገጽ አለ፣ የአሜሪካው ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራው። ሰርኪዩት ገጣጥሞ አምፖል ማብራት ይችላል፣ ቢሳሳትም ምንም አይቃጠልም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል አላቸው፣ በክረምት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይቀበላሉ። ቅርብሽ ያለውን ሄደሽ ጠይቂ።

የሐያት እማማ
የእኔ ልጅ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፣ አይጂሲኤስኢ የሚባለውን የእንግሊዙን የካምብሪጅ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ይፈተናሉ። እዚያ የተግባር ፈተና ራሱን የቻለ ወረቀት አለው። ላብ ገብተው የሚሠሩት ፔፐር 5 ነው፣ በጽሑፍ የሚተካው ፔፐር 6። መለኪያ ሲሊንደር ተስሎ "ስንት ያነባል?" ይላል፣ ግራፍ ያስላል፣ "ሙከራውን እንዴት ታሻሽለዋለህ?" ይላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወደደም ጠላም ላቡን ይከፍታል።

ብሩኬ
እማማ፣ ክፍያው በብር ነው በዶላር? ለማሂ በሰዓት 400 ብር ከብዷት እኮ ነው እዚህ የተሰበሰብነው።

የሐያት እማማ
እኔ ልኩራ ብዬ አይደለም ልጄ። የተፈተነ ነገር ይማራል ለማለት ነው።

ላብ ኮት
እማማ ያሉት ልክ ነው። ፈተናው ላይ ከሙከራ የተነሳ አንድ አምስት ጥያቄ ቢገባ የስንቱ ላብ ቁልፍ ይገኝ ነበር።

የፕላዝማ ልጅ
እኛ ደግሞ በፕላዝማ ነበር የተማርነው። ሙከራው ቴሌቪዥን ውስጥ ይሠራል፣ ሴትዮዋ "አሁን እናንተ ሞክሩ" ትላለች፣ ቀና ስንል ወደሚቀጥለው አልፋለች። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ምዕራፍ ዕድሜ ልክ ጠፋ ማለት ነው።

እናት ዓለም
አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ፈተናው በኮምፒውተርም እየተሰጠ ስለሆነ ልጆቹን ማውስ አስለምዷቸው። የእህቴ ልጅ ሁሉንም አውቆት ገጹን ለማዞር ሲታገል ሰዓቱ ሄደበት።

የአያት ልጅ
ማውስ የት ነው በጥሩ ዋጋ የሚገኘው? መገናኛ ያሉት ሁለት ቀን አይሠሩም።

የፒያሳው
መጽሐፉ ሰውዬ ጎን ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ልጅ አለ። ጥሩ ልጅ ነው።

የሁለት ልጆች አባት
ሳሪስ አቦ፣ ስለ መምህሩ ለትምህርት ቤቱ አመለከትሽ?

ሳሪስ አቦ
አመለከትኩ። "ማስረጃ አምጪ" አሉኝ። ወርክሺቱንና የሚዱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ሰጠኋቸው። ምክትሉ አገላብጦ አየና "ጎበዝ መምህር ማለት ፈተና ላይ የሚመጣውን የሚያውቅ ነው" አለኝ።

ብሩኬ
እኔ በቃኝ። ስልኬን አጠፋለሁ።

ማሂ ጀሞ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክሩን ሞክረናል፣ ልጁ መጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቅሎት ዘንጉም መጋረጃውም አንድ ላይ ወረዱ። 14 ግን መጥቷል! ከመጋረጃው በኋላ በር ላይ ሰቅሎ ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ አልተኛም። የአስጠኚውን ነገር አባቱ ከመስክ ሲመለስ እናየዋለን ተባብለናል። በነገራችን ላይ፣ ለታናሽየዋ 6ኛ ክፍል ናት፣ እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው፣ ጥሩ ሰው የምታውቁ?

አስጠናለሁ 24 ሰዓት
ኢንቦክስ።

የፒያሳው
ለእንግሊዝኛ ሰዋስውማ እሱ ሰውዬ ጋ ሂጂ።

እናት ዓለም
ሳሪስ አቦ፣ ገንዘቡ ተመለሰ?

ሳሪስ አቦ
ለሐሙስ ቀጥረውኛል።