«ሺ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ላሉን

የዳንግላዋ፦ ትናንት አያ ቡሬ እዚህ የጻፉት እንቅልፍ ነሳኝ። የአገራችን ልጅ ለዶክትሬቱ የዝንብ ነርቭና ጡንቻ ያጠናል ሲባል፣ «ሺ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ብለው ተሳለቁ። ግሩፑም አብሮ ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

የቡሬው፦ እኛ በወባ እያለቅን እሱ ዝንብ ያክማል። አልስቅ ልጄ?

የዳንግላዋ፦ ማን አከመ? ነርቩ ኬሚካሉን በጥቅል በጥቅል ይለቃል፣ ጡንቻው ይቀበላል። በ1997 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኬሚካሉን ከሚይዙት የጡንቻ ተቀባዮች አንዱ የጎደላቸውን የዝንብ እጮች መረመሩ። የእያንዳንዱ ጥቅል ጉልበት አንሷል። ጡንቻው ግን አልሰነፈም። ነርቩ የጥቅሉን ብዛት ጨምሮለት ነበር። ጠላ ቀጂን ያስቡ፤ ዋንጫው ሲያንስ ቶሎ ቶሎ ትቀዳለች፣ ሞቅታው እኩል ነው።

ማርቆስ 02፦ ቀጂዋ የማን ልጅ ናት? 😂

የሞጣው፦ ቀልዱን ተዉት። የዝንብ ጡንቻ የሚሰማው ግሉታሜት የሚባለውን ኬሚካል ነው፣ የእኛ ደግሞ አሴቲልኮሊን የሚባለውን። ምን አገናኛቸው?

የዳንግላዋ፦ መልእክተኛው ይለያያል፣ ብልሃቱ ይመሳሰላል። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል በሽታ የያዘው ሰው የዐይኑ ቆብ ይወድቃል፤ የራሱ ሰውነት የጡንቻውን ተቀባይ ስለሚያጠቃ። የታማሚዎቹ ጡንቻ ሲመረመር እዚያም ነርቩ ልቀቱን ጨምሮ ተገኝቷል።

የሞጣው፦ ጨምሮም ሰውዬው ይደክማል!

የዳንግላዋ፦ አዎ፣ አይበቃውም። ለምን አይበቃም የሚለውን ነው እኮ የሚያጠኑት።

የቡሬው፦ ታዲያ ጋኑ ተከፈተ?

የቢቸናው፦ አያ፣ ተረቱን አጣመሙት። ጉልበት የሌለው ቢበዛም አይጠቅምም ነው የሚለው። ስለ ላብራቶሪ ምንም አይልም።

የቡሬው፦ ለጎጃሜ ተረት ከቢቸና ይመጣለታል? ድንቅ ነው።

የቢቸናው፦ ቢቸና ጎጃም አይደለም ልትሉን ነው?!

የዳንግላዋ፦ ጋን ካነሱ አይቀር፣ እናቴ የጋኑን አፍ በጨርቅ ጠፍራ ታስረዋለች። ጠጋ ብለው ቢያዩ ጨርቁ ላይ ዐይናቸው የቀላ ትንንሾች ይርመሰመሳሉ። ከጎረቤት ቀድመው የደረሱ ናቸው፤ የሚጠኑት ዝንቦች እነዚሁ ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዝንቧን እጭ በተርብ መርዝ ነክረው ተቀባዮቹን ዘጉ። ነርቩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ልቀቱን አስተካከለ። ጡንቻው ወደ ኋላ፣ ወደ ነርቩ፣ የሆነ መልእክት ይልካል ማለት ነው።

የሞጣው፦ እሺ፣ አመንኩ። ልጁ ሲመለስ ግን የት ይሠራል? ቀጭን ኤሌክትሮድ ጡንቻ ውስጥ እንደሰካ መብራት ሲሄድስ?

የዳንግላዋ፦ ዝንቧ ራሷ ርካሽ ናት። ጠርሙስና ምግብ ነው የምትፈልገው። በ25 ዲግሪ ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ቢፈጅባት ነው።

የሞጣው፦ ስለ መብራቱ ነው የጠየቅሁሽ።

ማርቆስ 02፦ ጄኔሬተር እናዋጣለት። አያ ቡሬ ይጀምሩ።

የቡሬው፦ መጀመሪያ ጋኑን ይክፈት።

የቢቸናው፦ ቢቸናን ይቅርታ ሳይጠይቁ ማንም አያዋጣም።