ለሞቃት ሌሊት የሚሆን ስስ ጋቢ በዕፅዋት ሲቀለም፦ ጥጡ ቀለሙን ለምን ይለቃል?

ጠያቂ (ከኮምቦልቻ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። እናቴ በእንዝርት በፈተለችው ክር የተሠራ ስስ ጋቢ ለማቅለም ሞክሬ ስላልተሳካልኝ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የመጣሁት። አራት እጥፍ የሆነው ወፍራም ጋቢ በግንቦትና በሰኔ ለእኛ አገር ሌሊት ስለሚከብድ፣ ሸማኔው በሁለት እጥፍ ብቻ እንዲሠራልኝ አድርጌ ነበር።

አንድ ፌስታል የሚሆን የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀቅዬ፣ እርድ ጨምሬበት፣ ጋቢውን አሳደርኩበት። ሲወጣ እንደ አደይ አበባ የደመቀ ቢጫ ነበር። በመጀመሪያው እጥበት ግን ሳሙና የነካው ቦታ ሁሉ ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ፤ ሲለቀለቅ ቢጫው ቢመለስም ደብዝዞ ነበር። ከሦስት እጥበትና ከጥቂት ቀን ፀሐይ በኋላ አሮጌ ወረቀት መሰለ። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ የፈተለችው ስለሆነ እጅግ አዝኛለሁ። በፋብሪካ ቀለም ሳልጠቀም ጥጥ ላይ የሚጸና ቀለም ማግኘት ይቻላል? ስህተቴስ የቱ ጋ ነው?

መልስ (ከደሴ)፦
እህቴ፣ የእናትዎ ድካም በከንቱ አልቀረም፤ ጋቢው ደብዝዞም ቢሆን እንደገና ሊቀለም ይችላል። የተለወጠብዎ ዋናው እርዱ ነው። እርድ ያለ ምንም ረዳት ጥጥ ላይ ወዲያው ይይዛል፣ ነገር ግን ብርሃን አይችልም፤ ሳሙና ደግሞ እንደ አመድ ውሃ ያለ ጠባይ ስላለው ያቀላዋል። ስለዚህ እርድን ለጋቢ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ። የሽንኩርት ልጣጭ ግን ጥሩ ቀለም ነው፤ የጎደለው ዝግጅቱ ብቻ ነው።

በእጅ የተፈተለ ጥጥ በላዩ የተፈጥሮ ሰም ስላለው ውሃም ቀለምም ወደ ውስጥ አይዘልቅለትም። ስለዚህ አስቀድሞ በልብስ ሶዳ ወይም በተጠለለ የአመድ ውሃ አንድ ሁለት ሰዓት መቀቀል አለበት፤ ንጹሕ የሚመስለው ክር ሻይ የመሰለ ውሃ ሲያወጣ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ታኒን (በዛፍ ቅርፊትና በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለ፣ አፍ የሚያኮማትር ነገር) ባለው ውሃ ይዘፈዘፋል። ጥጥ እንደ ሱፍ ክር አሉምን (ቀለምን ከክር ጋር የሚያያይዝ ጨው መሰል ማዕድን) በቀላሉ ስለማይቀበል፣ መጀመሪያ ታኒኑ ክሩን ይይዛል፣ ቀጥሎ አሉሙ ታኒኑን፣ በመጨረሻም ቀለሙ አሉሙን ይይዛል። እኔ የምጠቀመው የግራር ቅርፊት ሲሆን፣ ለማገዶ ከተቆረጠ እንጨት ላይ ብቻ እልጣለሁ፤ የቆመን ዛፍ ዙሪያውን መላጥ ያደርቀዋል። ቅርፊቱ ራሱ ቡናማ ስለሆነ ቢጫውን ጠቆር ያደርገዋል፤ ይህን የማይወድ ሰው ሻይ ቅጠል መጠቀም ይችላል።

ለአንድ ኪሎ ደረቅ ክር 150 ግራም ያህል አሉም ይበቃል። የሽንኩርቱ ልጣጭ ግን ቢያንስ ግማሽ ኪሎ፣ ቢቻል ደግሞ የክሩን ክብደት ያህል መሆን አለበት። ልጣጭ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያውቁታል፤ አንድ ፌስታል ከዚህ መጠን በጣም ያንሳል። ከምግብ ቤት ማድቤት በጆንያ ቢለምኑ ይሻላል። የሚቀቅሉበትን ድስትም ከምግብ ዕቃ ይለዩት።

መልስ (ከደላንታ)፦
በእኛ በደጋው በኩል የሚለበሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ስለሆነ ስለ ጥጥ ብዙ አልናገርም። የበግ ጠጉር አሉምን ያለ ታኒን ይቀበላል፤ ከዚህም በላይ የጥቁርና የቡናማ በግ ጠጉር እንዳለ ስለሚፈተል ቀለም ባይነካውም ያምራል። እጥበቱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን ሸማ የሚያጥቡበት እንዶድ እንደ ሳሙና የአመድ ጠባይ የለውም፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲመታ አረፋው ይበቃል። በዕፅዋት ለተቀለመ ልብስ ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም።

መልስ (ከባቲ፣ ሸማኔ)፦
ወንድሜ ከደሴ የሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምለው ስለ ክሩ ነው። የተሸመነ ጋቢ በድስት ውስጥ ስለሚታጠፍ እጥፋቱ ሁሉ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ለወደፊቱ ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚገባውን ክር፣ ሳይሸመን ያቅልሙት፤ በቁመት የሚዘረጋውን ድሩን ነጭ ይተዉት። በነጭ ድር ውስጥ ቢጫ ማግ ሲገባ ቀለሙ ለዘብ ብሎ፣ ገና የበሰለ የስንዴ ማሳ ይመስላል፤ እኔ ከደማቁ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ልቃቂቱን እንደተጠቀለለ አይንከሩት፤ ላዩ ቢቀለም ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፈትተው በክንድዎና በጉልበትዎ ላይ እየጠመጠሙ ሰፊ ቀለበት ያድርጉትና በአራት ቦታ ላላ አድርገው ይሰሩት። እስሩ ከጠበቀ እዚያው ቦታ ላይ ነጭ ይቀራል።

ለጥለቱ ቀይ ከፈለጉ፣ በጤፍ ማሳ ዳር የሚዘራውን የአበሻ ሱፍ አበባ (ትልቁን የፈረንጅ ሱፍ አይደለም) ይሞክሩ። ቅጠሉ እሾሃማ ስለሆነ እጅ ይወጋል። አበባው ጠውልጎ ሲቀላ ቢለቀም ፍሬው አይጎዳም። በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ሲያሹት መጀመሪያ ቢጫው ይወጣል፤ እርሱን ይድፉት። ቀዩ የሚለቀቀው በአመድ ውሃ ነው፤ ከዚያ ክሩን ነክረው ሎሚ ሲጨምሩበት ቀለሙ ወደ ክሩ ይገባል። ይህ ቀለም ያለ አሉም ጥጥን ይወዳል፤ ብርሃን ግን ስለሚያደበዝዘው በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ጠያቂ (ከኮምቦልቻ)፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለካ እኔ ቀለሙን ስመርጥ ክሩን ረስቼው ነበር። እናቴ ዘንድ ሦስት ልቃቂት ተርፏል። የመጀመሪያውን ፈትቼ በአመድ ውሃ ቀቅዬዋለሁ፤ ውሃው እንደተባለው ቡናማ ሆኖ ወጣ። አሁን በሻይ ቅጠል ተዘፍዝፎ አድሯል። ጥያቄ ለሸማኔው፦ ማጉ ብቻ ከተቀለመ ለሁለት እጥፍ ጋቢ ሦስቱ ልቃቂት ይበቃል ወይስ እናቴ ተጨማሪ ትፍተል?