አስቸኳይ፦ የሳንባ መለኪያችን ለሁሉም ሰው 5 ሊትር ይላል!

የኮዬ ፈጬው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ድረሱልኝ! ለነገ ጠዋት የትምህርት ቤት ሳይንስ ኤግዚቢሽን ነው። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሞልተን ሳፋ ውስጥ ደፋነው፣ በጎማ ይነፋበታል። እኔም ብነፋ የ9 ዓመቷ ልጄም ብትነፋ ጀሪካኑ ሙልጭ ይላል። ምን ይሻላል?

ሳቂታው፦ ልጅቷን ቶሎ አትሌቲክስ አስመዝግቧት።

መምህር ባዮ፦ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ስለ ስፓይሮሜትር (የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ) እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሀቺንሰን በ1846 አሳትሟል። ዘና ብለን ስንተነፍስ የምናስወጣው ግማሽ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በኃይል ሲሆን ግን...

ሰበታ 10፦ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ግዛ፣ አለቀ።

ቧንቧው፦ ጎማውን ከአፋችሁ ስታወጡ ውሃው ይቆማል ወይስ መውረዱን ይቀጥላል? ጫፉስ እስከ የት ገብቷል?

የኮዬ ፈጬው፦ ይቀጥላል። ጫፉ ቂጡ ድረስ ገብቷል፣ መንፋቱ ስለሚቀል።

ሰበታ 10፦ 10 ሊትር አልኩህ እኮ።

ሳቂታው፦ ውሃውስ? ዛሬ ፈረቃቸው ባይሆንስ?

ቧንቧው፦ 20 ሊትርም ቢሆን ያው ነው። ውሃውን ጀሪካኑ ውስጥ ከፍ አድርጎ የያዘው የውጭው አየር ግፊት ነው። የጎማው ጫፍ ከሳፋው ውሃ ደረጃ በላይ ካለ፣ አፋችሁን ስታነሱ አየር በጎማው ይገባና ውሃው በራሱ ይወርዳል። ጫፉን ከጀሪካኑ አፍ 3 ጣት ብቻ አስገቡና ጎማው ላይ በስኮች ምልክት አድርጉ፣ እንዳይንሸራተት። ነፍታችሁ ስትጨርሱም ጎማውን አጥፋችሁ ጨብጡት፣ ከዚያ ከአፍ አውጡ። ጎማው ባለ ግማሽ ኢንች ይሁን፤ የጉሉኮስ ቱቦ ጠባብ ነው፣ ትንፋሽ ሳያልቅ ሰው ይደክማል። የጀሪካኑ አፍ ሳፋው ላይ ከተለጠፈ ውሃ መውጫ ያጣል፣ በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሱት። አሁንም ከወረደ ያለ ጎማ ደፍታችሁ እዩ፤ ብቻውን የሚወርድ ከሆነ ጀሪካኑ ቀዳዳ ነው። መስመሩን ጀሪካኑ እንደቆመ ግማሽ ግማሽ ሊትር እየጨመራችሁ ከቂጡ ጀምራችሁ አስምሩ፤ ሲደፋ አየሩ እዚያው ስለሚሰበሰብ ቁጥሩ በቀጥታ ይነበባል። የልጅቷ 2 ሊትር አካባቢ ቢመጣ አትደንግጡ።

ሙግት ወዳዱ፦ ቆይ፣ ይሄ መች የሳንባ አቅም ሆነ? ትልቅ ሰው አሟጦ ከተነፈሰም በኋላ ከ1 ሊትር በላይ አየር ሳንባው ውስጥ ይቀራል፣ ጀሪካን አይለካውም። ትንፋሹም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር 10 ከመቶ ገደማ አሳንሶ ያሳያል። ፖስተሩ ላይ «በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ አየር» በሉ።

መምህር ባዮ፦ እኔም ወደዚያው እየመጣሁ ነበር።

ሲስተር፦ ተማሪ ሁሉ በአንድ ጎማ እንዳይነፋ! ማንም ወደ ውስጥ እንዳይስብ። አፍንጫም ይያዝ፣ ትንፋሽ በዚያ ሊያመልጥ ይችላል።

ቧንቧው፦ ትክክል። ጎማው ጫፍ ላይ የሚሰካ አጭር አጭር ቁራጭ ለየሰው ቁረጡ።

ሰበታ 10፦ እና፣ ሠራ?