«ቶም ታም» ስንዝሮ ይባላል?

ጥያቄ፦ ለልጄ የእንግሊዞቹን የቶም ታምን ተረት ሳወራላት «ስሙ ምን ማለት ነው?» ብላ ያዘችኝ። ታም አውራ ጣት አይደል? «ቶማስ አውራ ጣት» ብላት በሳቅ ፈረሰች። ስንዝሮ ልበለው?

መልስ፦ ልጅህ ወዳ አይደለም የሳቀችው። በእኛ «አውራ» ዋና፣ መሪ ማለት ነው። አውራ ዶሮ፣ አውራ ጎዳና፣ አውራ ንብ እንላለን። አውራ ጣትም የጣቶች አለቃ ነው። ቃል በቃል ስትመልሰው ያ ሚጢጢ ልጅ ሳያስበው ሹመት አገኘ!

የእንግሊዝኛው ስም የሚናገረው ልኩን ብቻ ነው። በ1621 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በታተመው ተረት ላይ አባትየው ልጅ አጥቶ ሚስቱን ወደ ጠንቋዩ መርሊን ይልካታል። አውራ ጣቴን ቢያክልም ልጅ ይሁንልኝ ይላል። እንዳለውም ይሆንለታል። ከዚያ በኋላ ልጁን ያልዋጠው የለም፤ ላሟም፣ ግዙፉ ሰውም፣ ዓሣውም። መጨረሻው ግን የእንግሊዞቹ አፈ ታሪክ ንጉሥ የአርተር ግቢ ነው።

ደስ የሚለው ምን መሰለህ? ሹመቱን የሰጡት እንግሊዞቹ ራሳቸው ናቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሄንሪ ፊልዲንግ በ1730 ቴአትር ጻፈለት። በዓመቱ አስፋፍቶ ሲያወጣው ደግሞ «ታላቁ ቶም ታም» አለው። ጀግናችን ግዙፎችን ድል ይነሳል፣ ልዕልት ትወደዋለች፣ በመጨረሻ ላም ትውጠዋለች። ፊልዲንግ በዘመኑ የነበሩትን ትልልቅ ቃል የሚያበዙ አሳዛኝ ቴአትሮች ነበር የሚያሾፍባቸው። የአንተ «ስህተት» የእሱ ቀልድ ነው። ባርነም የተባለው አሜሪካዊ የትርኢት ነጋዴም ቁመቱ እጅግ አጭር የነበረውን ቻርልስ ስትራተንን «ጄኔራል ቶም ታም» ብሎ በ1844 ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት አቀረበው። እዚህም ማዕረግ!

ሌላ አባል፦ ስንዝሮ ላይ ቅሬታ አለኝ። ስንዝር እኮ ከአውራ ጣት ጫፍ ተነስቶ መዳፍን ዘርግቶ የሚለካ ነው። ሦስት ቶም ታም ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠም ነው አንድ ስንዝሮ የሚወጣው።

መልስ፦ በሜትር ከሄድክ ልክ ነህ። ግን «አንዲት ስንዝር መሬት አልሰጥም» የሚል ሰው ሃያ ሴንቲ ሜትር እየለካ አይደለም። ቅንጣት ታህል ማለቱ ነው። እኔ ስንዝሮን እመርጣለሁ።

ጠያቂው፦ ማታ ሞከርኩት። «ስንዝሮማ የእኛ ነው፤ ይሄ ሌላ ልጅ ነው» አለችኝ። ቶም ታም ሆኖ ቀረ።