ቭላዴታ ዬሮቲች በሰርቢያ የአእምሮ ሕክምና «ፈር ቀዳጅ» ሊባሉ ይገባልን?

ጥያቄ — ጀማሪ ጸሐፊ

ስለ ሰርቢያዊው የአእምሮ ሐኪምና መምህር ስለ ዶክተር ቭላዴታ ዬሮቲች (1924–2018) አጭር የሕይወት ታሪክ በማዘጋጀት ላይ ነኝ፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው። ብዙዎች ፈር ቀዳጅ ይሏቸዋል። ይሁን እንጂ ቤልግሬድ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ የተከፈተው እርሳቸው ከመወለዳቸው ከ63 ዓመታት በፊት፣ በ1861 ሲሆን፣ የሕክምና ፋኩልቲውም የተቋቋመው በ1920 ነው። ታዲያ ፈር ቀዳጅ የሚያሰኛቸው ምንድን ነው? ደግሞስ በመጨረሻ ወደ ሥነ መለኮት ፋኩልቲ ገብተው ማስተማራቸው ሕክምናን እንደ መተው አይቆጠርምን?

መልስ — የታሪክ አንባቢ

የዘመኑ ቅደም ተከተል እንዳሉት ነው። የ1861ዱ መታከሚያ ሥራ የጀመረው «የሐኪሙ ግንብ» በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ሲሆን፣ ተቋሙ ዛሬ የሚጠራው በላዛ ላዛሬቪች ስም ነው። ላዛሬቪች ሐኪምም ስመ ጥር የአጭር ልብ ወለድ ደራሲም ነበሩና፣ ሐኪምነትንና ብዕርን አጣምሮ በመያዝ እንኳ ዬሮቲች የመጀመሪያው አይደሉም። ቀዳሚነታቸውን መፈለግ ያለብን ከዚህ ወዲያ ነው። በተወለዱባት ቤልግሬድ ሕክምና ተምረው በነርቭና በአእምሮ ሕክምና ከሠለጠኑ በኋላ፣ በስዊዘርላንድ፣ በጀርመንና በፈረንሳይ የሥነ ልቦና ሕክምናን አጥንተው ተመለሱ፤ በድራጊሻ ሚሾቪች ሆስፒታልም የሥነ ልቦና ሕክምና ክፍሉን ለረጅም ዓመታት መሩ። ከሕመምተኛ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን ራሱን የቻለ ሕክምና አድርጎ የያዘ ክፍል መምራት፣ በእኔ ግምት፣ ከማዕረጋቸው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው።

መልስ — የሥነ ልቦና መምህርት

ከላይ በተሰጠው መልስ ብስማማም፣ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለ1985 ነው። በዚያ ዓመት ዬሮቲች በሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሥነ መለኮት ፋኩልቲ የኖሎት (ካህን ምእመናንን የሚጠብቅበት አገልግሎት) ሥነ ልቦናና ሕክምና ማስተማር ጀመሩ። ፋኩልቲው በ1952 ከቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ እንዲወጣ ተደርጎ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር ብቻ ይተዳደር ነበር፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተመለሰው በ2004 ነው። ሰርቢያን ባቀፈችው በሶሻሊስቷ ዩጎዝላቪያ አንድ የታወቀ ሐኪም 60 ዓመት ከሞላው በኋላ እንዲህ ወዳለ ተቋም መሄዱ ክብር ፍለጋ ሊሆን አይችልም።

ሕክምናን ትተዋል ወይ ለሚለው፣ ትምህርቱ ለካህን የሚሰጠውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ምእመን ተናዝዞ፣ ቀኖናውን ፈጽሞ፣ ያንኑ ኃጢአት በሳምንቱ እንደገና ይናዘዛል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ካህኑ ነገሩን የእምነት ማነስ አድርጎ ጾምና ስግደት ቢጨምርበት፣ ሰውየው የያዘው ከአእምሮው የማይወጣ የጥርጣሬ ሕመም ከሆነ፣ ስግደቱን በትክክል ቆጥሬ ይሆን እያለ ይጨነቅበታል እንጂ አያርፍበትም። ይህን ለይቶ ወደ ሐኪም የሚልክ ካህን ማሠልጠን የሚችለው ክሊኒኩንም ንስሐውንም የሚያውቅ መምህር ነው። ስለዚህ ዬሮቲች ሕክምናን ይዘውት ገቡ እንጂ አልተዉትም።

መልስ — የመጻሕፍት ወዳጅ

ውዳሴው ልክ እንዳያልፍ ጥቂት ልጨምር። ለሥነ ልቦና ትንታኔ (ሳይኮአናሊሲስ) በቤልግሬድ መሠረት በመጣል ረገድ በዩኒቨርሲቲው ሥነ ልቦና ያስተማሩት ቮይን ማቲች (1911–1999) ይቀድሟቸዋል፤ ጽሑፍዎ ስማቸውን ቢዘለው ጎደሎ ይሆናል። ሰፊው ሕዝብ ዬሮቲችን ያወቃቸውም ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በመጻሕፍታቸውና በአደባባይ ንግግሮቻቸው ነው። በ1976 ባሳተሙት «በሽታና ፈጠራ» በሕመምና በኪነ ጥበብ ሥራ መካከል ያለውን ግንኙነት መርምረዋል፤ የሰርቢያ ደራስያንንም በሥነ ልቦና ዐይን ያዩባቸው በርካታ መጣጥፎች አሏቸው።

በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አረማዊው፣ የብሉይ ኪዳኑና የሐዲስ ኪዳኑ ሰው አብረው ይኖራሉ የሚለው ዝነኛ ሐሳባቸው ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። የሚስብ ሐሳብ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊውን የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግን በቅርብ ያጠና ሰው መሆናቸውም ይታይበታል። ሆኖም በሕሙማን ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ የሕክምና ግኝት ስላልሆነ፣ በሆስፒታል ከሠሩት ሥራ ጋር በአንድ አንቀጽ ባይቀላቅሉት ይሻላል።