የኦፓል ቆፋሪዎችን ኑሮ በመጠይቅ ስለካ ግራ ገባኝ፤ እባካችሁ ምከሩኝ

የደሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ላይ እየሠራሁ ነው። ርዕሱ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ማውጣት በአካባቢውና በሕዝቡ ኑሮ ላይ ስላመጣው ለውጥ ነው። መጠይቄን ይዤ ሁለት ሳምንት በወገል ጤና ዙሪያ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። ዘጠና ምናምን ቅጽ ሞልቻለሁ፤ አንዱ ላይ ግን ቆሜ ቀርቻለሁ።

ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው። ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉኝ። ጥያቄ 14 ላይ ደረስን፤ «የኦፓል ሥራ የቤተሰብዎን ኑሮ ምን ያህል አሻሽሏል?» ይላል፤ መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው። ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ ምስማሩ እንኳ ገና አልዛገም። «ይሄን ያለበሰልኝ ልጄ ነው፣ ድንጋይ ሸጦ። በዓመቱ ዋሻው ተናደበት» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አንቺ ስንት ትይዋለሽ?» አሉ። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አማካሪዬ «ሚሲንግ ዳታ (የጎደለ መረጃ) በዪውና እለፊው» ብሎኛል። ማለፍ አልቻልኩም። እኚህ ሴት መልስ አልሰጡኝም ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?

ሌላው የቸገረኝ ገቢው ነው። «በወር ስንት ታገኛለህ?» ስል አንዱ ምንም ይለኛል፣ አጠገቡ የሚቆፍረው አርባ ሺህ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። አማካዩን ሳወጣው ግን የማንም ኑሮ ያልሆነ ቁጥር ይመጣል። በዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ «ከአንቺ በፊት የመጡትም ጽፈው ሄዱ፤ ምን እንደጻፉ የነገረን ግን የለም» አሉኝ። ለሳቸውም የምመልሰው አጣሁ።

የፀሐይ መውጫ ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ እዚያው ስድስት ዓመት ቆፍሬያለሁ፤ አሁን ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ያገኘሻቸውን እናት ባላውቃቸውም እንደሳቸው ያሉ እናቶችን አውቃለሁ። የነገሩሽን አትጣዪው።

ገቢን በወር መጠየቅ ይቅርብሽ። ድንጋይ ደመወዝ አይደለም። እኛ አምስት ሆነን ነበር የምንቆፍረው። ስንቁንና ባትሪውን የሚችለን ሌላ ሰው ነበር፤ ሲገኝ እሱ ድርሻውን አስቀድሞ ያነሳል፣ የቀረውን እንካፈላለን። ሦስት አራት ወር ባዶ እጃችንን የወረድንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «መጨረሻ የሸጣችሁት መቼ ነው? ለስንት ተካፈላችሁ? ከዚያ በፊት ምን ያህል ጊዜ ባዶ ቆፈራችሁ? በዚያ ጊዜ ከማን ተበደራችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ጊዜውንም በበዓል ቁጠሪው፤ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ብትይው ሁሉም ያስታውሳል።

አሁን ደግሞ ዋናው። ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፣ ያውም ገደሉ ወገብ ላይ። እሱን ተከትለሽ በድጅኖ እየፈለፈልሽ ወደ ውስጥ ትገቢያለሽ። ከላይሽ ያለውን አለት የደገፈው ነገር የለም። ባሕር ዛፍ ገዝቶ ገደል አውርዶ ማቆም ገና ድንጋይ ላላገኘ ሰው የማይታሰብ ነው። ከመናዱ በፊት አንገትሽ ላይ ደቃቅ አፈር ይራገፋል። እኔ አንድ ቀን እሱ ሲሰማኝ ወጣሁ፤ ጓደኛዬ ድጅኖውን ላንሳ ብሎ ተመለሰ።

አንቺ የጠየቅሽው ዛሬ ገደሉ ላይ ያገኘሽውን ሰው ነው። የሞተው፣ ወገቡ ተጎድቶ ቤት የዋለው፣ ተስፋ ቆርጦ ዐረብ አገር የሄደው ቅጽሽ ላይ የለም። በሕይወት ያለውን ብቻ ቆጥረሽ ሥራው ጠቅሟል ብትይ እኛን ትጎጂናለሽ። እድር ሂጂ። እድር ማን መቼ እንደተቀበረ ያውቃል።

መምህር ነኝ፦

ከላይ የተናገረው ወንድማችን አንድ ኮርስ ሙሉ የምናስተምረውን በአንድ አንቀጽ ጨርሶታል። ናሙናሽ የተረፉትን ብቻ ነው የያዘው። ይህን በጽሑፍሽ ውስጥ በግልጽ አስቀምጪው፤ ከቻልሽም የተጎዱትን ቤቶች በጥቆማ እየተከተልሽ ጨምሪ። የእድር መዝገብ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የሞት ምክንያት ላይጻፍ ይችላል። ከእድሩ ዳኛና ከጸሐፊው ጋር ተቀምጠሽ ስም በስም መሄድ ይኖርብሻል። ስሙን ግን ወደ ጽሑፍሽ አታምጪው።

ጥያቄ 14 የሁለት ጥያቄ ያህል ሸክም ነው የተጫነበት፤ ቤቱ ምን አገኘ፣ ቤቱ ምን አጣ። በአንድ ቁጥር አይመለስም። ለያይተሽ ጠይቂ። የእናትየዋን ቃል እንዳለ፣ በራሳቸው አማርኛ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ጻፊው። ልጃቸውን የሚያስለይ ነገር አውጪለት፤ ትንሽ ቀበሌ ውስጥ አንድ ፍንጭ ይበቃል።

ጂኦሎጂስቱ፦

ስለ አካባቢው የጠየቀ ስለሌለ በአጭሩ ልበል። የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 ሲወጣ በባህላዊ መንገድ የሚያወጣ ሰው ለፈቃድ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲያቀርብ አይገደድም ነበር። ስለዚህ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ተዳፋቱና ምንጩ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግርሽ ሰነድ ወረዳ ላይ አትፈልጊ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉጂ ውስጥ ለገደንቢ ላይ የወርቅ ማዕድኑ ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ሲታገድ ሕዝቡ ያነሳው የጤና ጥያቄ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ድሮ ምን ነበር የሚለው ካልተለካ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

የወገል ጤና ኦፓል የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ነው። የላንድሳት ሳተላይት ምስል ከዚያ በፊት ያለውን ያሳይሻል፤ ግን የምስሉ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር ስለሆነ ከዋሻ አፍ የሚደፋውን ቁልል አይለይልሽም። ሴንቲኔል-2 የሚባለው ሳተላይት ነጥቡ 10 ሜትር ነው፤ እሱ ደግሞ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሁለቱን አጣምሪና ከሥር ያለው ማሳ ባለቤት ጋር ሄደሽ «ድንጋዩ እዚህ የደረሰው በየትኛው ክረምት ነው?» በይው።

ገቢ ስትመዘግቢም በግራም የነገሩሽን ዋጋ ተጠንቀቂ። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ቀለሙ ግን እስኪደርቅ ይጠፋል። ደርቆ ነው ወይስ ከዋሻ እንደወጣ ነው የተመዘነው ብለሽ ጠይቂ።

የደሴዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፀሐይ መውጫ ልጅ፣ ስለ ጓደኛህ ነፍስ ይማር። ጽሑፍህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ጥያቄ 14ን ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ ወጪው ከኪሴ ቢሆንም ተመልሼ እሄዳለሁ። ከእድሩ ጸሐፊ ጋር በስልክ ተነጋግሬያለሁ፤ መዝገቡን እቤታቸው ቁጭ ብዬ እንዳየው ፈቅደዋል። ለሽማግሌውም ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፌ እድሩ ሲሰበሰብ ላነብ ቃል ገባሁ። «ከመማሪያ ቤቱ በፊት ለኛ አንብቢው፣ የተሳሳተ ካለ እናርምሻለን» ብለውኛል። አማካሪዬን በዚህ ላስማማው ነው አሁን የቀረኝ። እንዲህ አድርጎ በቅድሚያ ለኅብረተሰቡ ያነበበ ካለ፣ ፈተናው ላይ ምን ብሎ እንዳስረዳ ይንገረኝ።